ዝንቡ መድኃኒቱን «ለመደው» ስትሉ ምን ታደርጋላችሁ?

ሐዋሳ ውስጥ ጓሮው ላይ ላም ወይም ዶሮ ያለው ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል፦ «ዝንቡ መድኃኒቱን ለምዶታል።» እኛም ቤት ተብሏል። እናቴ ታቦር ተራራ ሥር ባለው ግቢያችን ሦስት ላሞች ከነጥጆቻቸው ታረባለች። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሲጀምር አንድ የሚረጭ መድኃኒት ገዛን። የመጀመሪያ ቀን ዝንቡ ወለሉ ላይ ረገፈ። በመጥረጊያ ነው የሰበሰብነው። በሦስተኛው ወር ያንኑ መድኃኒት፣ በዚያው መጠን ረጨን። ዝንቡ ወደቀ፣ በጀርባው ተሽከረከረ። ቡና ጠጥተን ስንመለስ ተነሥቶ ሄዷል።

«ልጄ፣ ውኃ ነው የሸጡልን» አለች እማዬ።

ሌላ ገዛን። ስሙ ሌላ፣ ጣሳው ሌላ፣ ዋጋው ወደድ ያለ። ውጤቱ ግን ያው። ማታ ሁለቱን ጣሳዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ጀርባቸውን አነበብኩ። በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ከአንድ ቤተሰብ ነበር። ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከፍለናል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙም ሞክሬያለሁ። ከዚህ በታች ያለው እኛ ግቢ የምንሠራበት መንገድ ነው። ከእርምጃዎቹ በፊት ግን «ለመደ» የሚለውን ቃል ማስተካከል አለብኝ። ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

«ለመደ» ስንል በእርግጥ ምን ሆነ?

ሰው በርበሬ ይለምዳል። አንድ ዝንብ ግን መድኃኒት አይለምድም። የተረጨበት ዝንብ ወይ ይሞታል ወይ ይተርፋል። አንዳንዱ በአጋጣሚ ይተርፋል፣ አንዳንዱ ግን የሚተርፈው ከእናት ከአባቱ የወረሰው ነገር ስላለ ነው። መድኃኒቱ ያንን ነገር አልፈጠረውም። እኛ ሳንረጭም በፊት በጥቂት ዝንቦች ውስጥ ነበረ። የእኛ መርጨት የሠራው እነዚያን ጥቂቶች ለቀጣዩ ትውልድ ወላጅ አድርጎ መምረጥ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ ስሌቱ ግን ቀላል ነው። ግቢያችሁ ውስጥ 1,000 ዝንብ አለ እንበል። 10ሩ መድኃኒቱን ይቋቋማሉ፣ 990ው አይቋቋሙም። ረጫችሁ። መድኃኒቱ ከማይቋቋሙት ከ100ው 95ቱን ገደለ። በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው። የቀሩት 50 ገደማ የማይቋቋሙና 10 የሚቋቋሙ ናቸው። ከ100 አንድ የነበረው አሁን ከ6 አንድ ሆነ።

እነዚህ 60 ዝንቦች ተራብተው እንደገና 1,000 ሲሆኑ 167 ያህሉ የሚቋቋሙ ይሆናሉ። ደግማችሁ ረጫችሁ። ከማይቋቋሙት የሚተርፉት 42 ያህል ብቻ ናቸው፣ የሚቋቋሙት 167ቱ ግን እንዳሉ ናቸው። አሁን ከ10 ዝንብ 8ቱ ይቋቋማል። ሦስተኛውን ስትረጩ ከ1,000ው የሚሞተው 190 ብቻ ነው። መድኃኒቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ማንም ውኃ አልጨመረበትም። በሦስት ርጭት የተለወጠው የዝንቡ ዘር ነው።

እውነተኛው ነገር ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል። የሚቋቋመውና የማይቋቋመው ዝንብ ይዳቀላሉ፣ ከውጭም ሌላ ዝንብ ይበራል። አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

ዝንቡ የሚወርሰው ነገር ምንድን ነው? በደንብ የተጠኑ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው የነርቭ በር ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው አብዛኛው የዝንብ መድኃኒት ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ይህ መድኃኒት በዝንቡ ነርቭ ላይ ሶዲየም የሚያስገባውን በር ከፍቶ ይይዘዋል። ነርቩ ያለማቋረጥ ይቀሰቀሳል፣ ዝንቡ ይንቀጠቀጥና ይወድቃል። በአንዳንድ ዝንቦች ግን በሩን የሚሠራው ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። በዚህች ፊደል ምክንያት በበሩ 1014ኛ ቦታ ላይ ሉሲን የነበረው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) በሌላ፣ በፌኒልአላኒን ይተካል። መድኃኒቱ ከበሩ ጋር እንደበፊቱ አይገጥምም። ተመራማሪዎች ይህን ኬዲአር ይሉታል። ወድቆ የሚነሣ ዝንብ ስታዩ ከምትጠረጥሯቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መሰባበር ነው። ፒ450 የሚባሉ ኢንዛይሞች መርዙን ነርቭ ሳይደርስ ይሰባብሩታል። አንዳንድ ዝንብ እነዚህን ኢንዛይሞች ከሌላው በብዛት ያመርታል። የሰውነት ቆዳቸው መድኃኒቱን ቀስ አድርጎ የሚያስገባ ዝንቦችም አሉ። ይህ ብቻውን ብዙ አያድናቸውም፣ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ግን ከባድ ነው።

ኬዲአር ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ዝንቡ በሙሉ አቅሙ እንዲቋቋም ጂኑን ከእናቱም ከአባቱም መውረስ አለበት። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ዝንብ በመድኃኒቱ ሊሞት ይችላል። ሴት የቤት ዝንብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ ከአንድ ወንድ ጋር ብቻ ነው የምትገናኘው። ስለዚህ ያ ወንድ ከየትኛው ወገን መሆኑ ብዙ ይወስናል። በግቢው ውስጥ መድኃኒት ያልነካቸው፣ የማይቋቋሙ ዝንቦች ካሉ ጂኑ ይበረዛል። ሁሉንም ጥግ ረጭታችሁ እነሱን ካጠፋችኋቸው የሚቋቋሙት እርስ በርሳቸው ይጋባሉ። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ስዊዘርላንዳዊው ፖል ሙለር ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር። በ1948 ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዲዲቲን የሚቋቋም የቤት ዝንብ ስዊድን ውስጥ የታየው ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1946 ነው። ሽልማቱ ሳይደርስ ዝንቡ ቀደመ።

እዚህ አገር ዲዲቲን ሁላችንም ለወባ ሊረጩ ይመጡ ከነበሩት ሰዎች እናውቀዋለን። ከሐዋሳ ወደ አዳማ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታልፉት የአዳሚ ቱሉ ፋብሪካም ሲያዘጋጀው የነበረ ነው። ዲዲቲና ፓይሬትሮይድ ስማቸው ይለያይ እንጂ የሚመቱት ያንኑ የሶዲየም በር ነው። ስለዚህ በኬዲአር ምክንያት አንዱን የሚቋቋም ዝንብ ሌላውንም ይቋቋማል፣ አይቶት ባያውቅም።

1. የሚወለዱበትን ፈልጉ

የሚበረውን ዝንብ እርሱት። በማንኛውም ቀን አብዛኛው ዝንብ እንቁላል፣ እጭ ወይም ሙሽሬ (እጩ ዝንብ ሊሆን ሲል የሚለወጥበት ደረጃ) ሆኖ እርጥብ ቆሻሻ ውስጥ ነው ያለው። ርጭት እዚያ አይደርስበትም።

ጠዋት ጓንት አድርጉ፣ እንጨት ያዙ፣ ግቢውን ዙሩ። እርጥብ የሆነውን ሁሉ ጫር ጫር አድርጉ። እጩ ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ያለው ትል ነው፣ ሲያድግ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሙሽሬው ቡናማና ጠንካራ ነው፣ ትንሽ የስንዴ ፍሬ ይመስላል። ሙሽሬን ከእርጥቡ መሐል አትፈልጉት። እጩ ሙሽሬ ሊሆን ሲል ወደ ደረቁ ጠርዝ ይወጣል።

እኛ ስንፈልግ የጠረጠርነው ትልቁን የእበት ክምር ነበር። እዚያ ያገኘነው ትንሽ ነው። ዋናው መፈልፈያ ጥጃ የሚታሰርበት ጉዝጓዝ ሆነ። ሽንት፣ የፈሰሰ ወተት፣ የተረገጠ ገለባና እበት አንድ ላይ ተቦክተው ነበር። በእንጨት ስገልጠው ሥሩ በሙሉ ይርመሰመሳል። ጥጃዋ በየቀኑ የምትተኛው እዚያ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

ከጥጃው ቦታ ቀጥላችሁ እነዚህን እዩ። በመመገቢያ ገንዳው ሥር የረጠበ ፉርሽካና ፋጉሎ። አተላ የምትሰጡ ከሆነ የፈሰሰበት መሬት። ዶሮ ቤት ውስጥ ከመጠጫው ሥር የረጠበ ሳጋቱራ። የወጥ ቤት ውኃ የሚወርድበት ቦይ። የፍራፍሬ ልጣጭ የሚጣልበት ጥግ። ዓሣ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ የሆድ ዕቃው ባልዲ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ብዙውን ያነሡላችኋል፣ ሰፈር ውስጥ ግን የሚያነሣ አባ ኮዳ የለም።

ዓይን ላይ የሚያርፈው ትንሽ ዝንብ ሌላ ዘር ነው። ትራኮማን በማስተላለፍ የሚታወቀው እሱ ነው፣ የሚራባውም በዋናነት ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ለእሱ መፍትሔው መጸዳጃ ቤትና የልጆችን ፊት መታጠብ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ቤት ዝንቡ ነው።

2. በሳምንት ሁለት ቀን አጽዱ

ሁለት ቀን ያልኩት ከዝንቡ ዕድሜ ተነሥቼ ነው። ሴት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ75 እስከ 150 እንቁላል ትጥላለች። በዕድሜዋ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። በሙቀት ጊዜ እጩ ከ4 እስከ 7 ቀን፣ ሙሽሬው ደግሞ ከ3 እስከ 6 ቀን ይቆያል። በሞቃት አየር ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ እንቁላሉ ክንፍ ያወጣል። ሐዋሳ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ነገር ግን የታመቀ ፍግ ራሱ ይሞቃል። ስለዚህ ለፈጣኑ ተዘጋጁ።

ሰኞና ሐሙስ ካጸዳችሁ በሁለቱ መሐል ያለው ጊዜ ከ4 ቀን አይበልጥም። እጩ ሙሽሬ ሳይሆን ይወጣል። በሳምንት አንዴ ብቻ ከሆነ ግን ሁልጊዜ የሚያመልጥ ይኖራል።

ያወጣችሁትን የት ታደርጉታላችሁ? ክምር ብቻ ካደረጋችሁት ቦታ ቀየራችሁ እንጂ አላጠፋችሁትም። ሁለት ጥሩ መንገድ አለ።

አንዱ ማድረቅ ነው። ኩበት የሚጠፈጥፉ እናቶች ይህን ሳያስቡት ይሠሩታል። ስስ ሆኖ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ እበት ቶሎ ይደርቃል፣ እጭ ደግሞ ደረቅ ነገር ውስጥ አያድግም። ወፍራም ኩበት ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቆያል። ስለዚህ ስስ ጠፍጥፉ፣ ከሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር አታስበልጡ፣ በማግስቱም ገልብጡ።

ሌላው ኮምፖስት ነው። በደንብ የተሠራ ክምር መሐሉ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። በዚህ ሙቀት እጭ ይሞታል። ችግሩ ጠርዙ ነው። ጠርዙ ስለሚቀዘቅዝ እጩ ወደዚያ ይሸሻል። በየሳምንቱ ስታገላብጡ የጠርዙን ወደ መሐል አስገቡ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ሸራ ሸፍናችሁ ዳርዳሩን በአፈር ያዙ። ዝናብ ሲሆን ከመድረቅ ይልቅ ይሄኛው ይሠራል።

የውኃ ማጠጫው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ዛሬውኑ አስጠግኑት። አንዲት የምታንጠባጥብ ቧንቧ የአንድ ወር ጽዳት ታበላሻለች።

3. ከመርጨታችሁ በፊት ቁጠሩ

«ዝንብ በዛ» የሚለው ስሜት አያስተማምንም። ደመና ሲሆን ወደ ቤት ይገቡና የበዙ ይመስላል።

7 ሴንቲ ሜትር ተኩል በ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆኑ አምስት ነጭ ወፍራም ወረቀቶች ቁረጡ። ዝንብ ማታ የሚያርፍበት ቦታ፣ ማለትም ማገር፣ ምሰሶና የጣሪያ እንጨት ላይ ለጥፉ። ቀን ጻፉባቸው። ከሳምንት በኋላ አውርዳችሁ ዝንቡ የጣለባቸውን ጥቁርና ቡናማ ነጥቦች ቁጠሩ። በዶሮ እርባታ አካባቢ የተለመደው መለኪያ በአንድ ወረቀት በሳምንት ከ50 እስከ 100 ነጥብ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ መርጨት አያስፈልግም፣ ጽዳቱን አጥብቁ። ከ100 ካለፈ ርጭት ይታሰባል። አዲሱን ወረቀት ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ለጥፉ፣ አለበለዚያ ሳምንትን ከሳምንት ማወዳደር አትችሉም።

ይህች ወረቀት ብዙ ብር አድናልናለች። ከመስከረም እስከ ጥር አንድም ቀን አልረጨንም። ከዚያ በፊት በየሳምንቱ ነበር የምንረጨው።

4. መድኃኒቱን በጠርሙስ ፈትኑ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ ሥሩ። ይህ እርምጃ ገንዘባችሁ መሬት ላይ ይፈስስ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ይነግራችኋል።

ሁለት ተመሳሳይ የማርማላታ ጠርሙሶች፣ ሁለት ቁራጭ ካርቶን፣ ሻሽ፣ ላስቲክና በስኳር ውኃ የነከረ ጥጥ አዘጋጁ። ጠርሙሶቹና ጓንቱ ከዚህ በኋላ ለምግብ አይሆኑም። ምልክት አድርጉባቸው።

አንዱን ካርቶን ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በተበጠበጠው መድኃኒት እርጩት። ሌላውን በንጹሕ ውኃ። ሁለቱም ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቁ። በየጠርሙሱ አንድ አንድ ካርቶንና አንድ የስኳር ጥጥ አስገቡ።

ከዚያ 40 ዝንብ ያዙ። ማለዳ ገና ብርድ ላይ ሲሆኑ ይደነዝዛሉ፣ በፌስታል በቀላሉ ይያዛሉ። በፊት ተረጭቶባቸው የተንገዳገዱትን አትውሰዱ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ 20 ዝንብ አስገቡና አፉን በሻሽ እሰሩ። ፀሐይ የማይነካው ጥላ ቦታ አስቀምጡ።

ከ1 ሰዓት በኋላ ስንቱ እንደወደቀ ጻፉ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወድቀው ሲያይ «ሠራ!» ይልና ይተወዋል። እናንተ 24 ሰዓት ጠብቁ። ያን ጊዜ በእንጨት ነካ ስታደርጓቸው የማይንቀሳቀሱትን ብቻ እንደሞቱ ቁጠሩ።

የውኃው ጠርሙስ ውስጥ ከ20 ዝንብ ከ4 በላይ ከሞተ ሙከራው ተበላሽቷል። ሙቀት ወይም አያያዝ ነው የገደላቸው፣ ድገሙት። የውኃው ጠርሙስ ደህና ከሆነና በመድኃኒቱ ጠርሙስ 19 ወይም 20 ከሞተ መድኃኒቱ ገና ይሠራል። 18 ከሆነ ለእርግጠኝነት ድገሙት። ከዚያ በታች ከሆነ ይህን ቤተሰብ አቁሙ። የመጀመሪያ ሙከራችን ላይ በ1 ሰዓት 17 ወድቀው ነበር። በ24 ሰዓት የሞቱት 6 ብቻ ሆኑ።

ከተቻለ መድኃኒት ከማይረጭበት ራቅ ያለ የገጠር ግቢ 20 ዝንብ አምጥታችሁ በሦስተኛ ጠርሙስ፣ ያንኑ መድኃኒት በተረጨ ሌላ ካርቶን ፈትኑ። የገጠሩ ሞቶ የእናንተው ከተረፈ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ጥራት አይደለም ማለት ነው። የገጠሩም ካልሞተ ጣሳውን ወይም አበጣጠባችሁን ጠርጥሩ።

የተረፉትን ዝንቦች አትልቀቋቸው! እነሱ ናቸው ዋናዎቹ። ሻሹን ሳትፈቱ የፈላ ውኃ አፍሱባቸው።

5. የጣሳውን ጀርባ አንብቡ

ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ስም የንግድ ስም ነው። እናንተ የምትፈልጉት በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ንጥረ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ቢጻፍም የስሙን መጨረሻ ማወቅ ይበቃል።

«ትሪን» ብሎ የሚጨርስ ከሆነ ፓይሬትሮይድ ነው። ሳይፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን፣ ፐርሜትሪን፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ መቀየር አይደለም። ቤት ውስጥ የሚነፋው ጣሳ ብዙ ጊዜ ሁለት «ትሪን» አለው፣ አንዱ ቶሎ እንዲጥል፣ ሌላው እንዲገድል። ሁለት ስም ስላያችሁ ሁለት ቤተሰብ አይምሰላችሁ።

ማላታዮን፣ ዳያዚኖን፣ አዛሜቲፎስ ኦርጋኖፎስፌት ናቸው። ፕሮፖክሰር፣ ቤንዲዮካርብና ሜቶሚል ካርባሜት ናቸው። እነዚህ ሁለት ቤተሰቦች ስማቸው ቢለያይም የሚመቱት አንድ ኢንዛይም ነው፣ አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የሚባለውን። ስለዚህ እነሱንም እንደ ዘመዳሞች ቁጠሯቸው። ኢሚዳክሎፕሪድ ከሌላ ቤተሰብ ነው። ስፒኖሳድም ራሱን የቻለ ነው። ሳይሮማዚን ደግሞ የሚበረውን አይነካም፣ እጩን እንዳያድግ ያደርጋል።

አንዳንዱ ጣሳ ላይ ፓይፐሮኒል ቡቶክሳይድ የሚል ታያላችሁ። እሱ ዝንቡ መርዙን የሚሰባብርበትን ኢንዛይም ይይዛል። ችግሩ መሰባበሩ ከሆነ ይረዳል፣ የነርቭ በሩ ከተለወጠ ግን ብዙ አይጠቅምም።

በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ መድኃኒት አትግዙ። ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ቤተሰቡንም አታውቁም፣ ልጅ ቢጠጣው ለሐኪም የምትናገሩትም የላችሁም።

6. ስትረጩ እንዲህ እርጩ

ፍግ ላይ አትርጩ። ይህን በደንብ ልድገመው፣ ፍግ ላይ አትርጩ። ፍግ ውስጥ የዝንብ እንቁላልና እጭ የሚበሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎችና ቅንቅን መሳይ ነፍሳት አሉ። ሙሽሬውን ወግተው እንቁላላቸውን የሚጥሉበት ጥቃቅን ተርቦችም አሉ። መድኃኒቱ እነሱን ይፈጃል፣ እነሱ ደግሞ እንደ ዝንብ ቶሎ አይመለሱም። ከዚህም ሌላ እጩንና የሚበረውን በአንድ መድኃኒት ከመታችሁ ዝንቡ በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ይመረጣል።

የሚረጨው ዝንቡ ማታ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የላይኛው ግድግዳ፣ ማገሩ፣ ምሰሶው፣ የተንጠለጠለው ገመድ። ነጥብ የበዛበት ቦታ ራሱ ይመራችኋል። ግቢውን በሙሉ አትርጩ። ያልተረጨ ጥግ መኖሩ ጥፋት አይደለም፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ከዚያ የሚወጡት የማይቋቋሙ ዝንቦች ከሚቋቋሙት ጋር ይዳቀላሉ፣ ጂኑም እንዳይበዛ ይረዳሉ።

መጠኑን ማሸጊያው እንደሚለው አድርጉ። ለቁጠባ ብሎ ማቅጠን ከአንድ ወላጅ ብቻ ጂኑን የወረሱትን ያተርፋል። «ይበርታ» ብሎ እጥፍ ማድረግ ደግሞ ኬዲአር ያለውን አይጥለውም፣ የማይቋቋሙትን ግን ጠርጎ ያጠፋል፣ ላሟንና እናንተንም ይጎዳል።

ቤተሰብ የምትቀይሩት በየርጭቱ አይደለም። በአንድ ትውልድ ላይ አንድ ቤተሰብ ተጠቀሙ፣ ለቀጣዩ ትውልድ ሌላ። እኛ በወር እንቆጥረዋለን። አንድ ወር ከአንዱ፣ ቀጣዩ ርጭት ካስፈለገ ፈጽሞ ዘመድ ካልሆነው። ሁለት መድኃኒት በግማሽ በግማሽ አትቀላቅሉ።

የስኳር ማጥመጃ መድኃኒት ከተጠቀማችሁ ከብት፣ ዶሮና ልጅ የማይደርስበት ላይ ስቀሉት። እሱም ቢሆን ዘላለም አይሠራም። መርዝ ያለበትን ስኳር አልበላም የሚል ዝንብም ሲመረጥ ታይቷል።

ያለ መድኃኒት ከሚያጠምዱት ውስጥ ደጋግሜ የምመክረው ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። አንገቱን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ ወደ ውስጥ ክተቱት፣ ሥሩ ላይ አተላ ወይም የዓሣ ሆድ ዕቃ ከውኃ ጋር አድርጉ። ከወጥ ቤትና ከበረቱ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ሽታው ዝንብ ስለሚጠራ በር ላይ ከሰቀላችሁት እንግዳ ጋበዛችሁ ማለት ነው። ወጥመድን በጂን መቋቋም ቀላል አይደለም። ዓሣ ጥብስ ቤት ያላችሁ ደግሞ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቬንቲሌተር አድርጉ። ዝንብ ኃይለኛ ነፋስ ላይ ማረፍ አይችልም።

ስለ ጥንቃቄ አጠር ላድርገው። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ረጅም እጅጌ። የወተት ዕቃ፣ መኖና ውኃ መጀመሪያ ይውጡ። በረት ውስጥ የምትጠቀሙበት ለበረት የተፈቀደ መሆኑን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፣ የሰብል መድኃኒት ላም ቤት አይገባም። መርጫውን ሐይቁ ዳር ወይም ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አትጠቡ። «ትሪን»ዎቹ ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው። ከረጨ በኋላ ምራቅ የሚበዛበት፣ የሚያልበው፣ የዓይኑ ብሌን የሚጠብ ወይም መተንፈስ የሚቸግረው ሰው ካለ ጣሳውን ይዛችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

7. አሁኑኑ አልሠራ ካላችሁ

ያንን ቤተሰብ አቁሙ። በዚያው ሳምንት ጽዳቱን አጠናክሩ፣ ወጥመዱን አብዙ። ወረቀቶቹ አሁንም ከ100 በላይ ካሳዩ ዘመድ ካልሆነ ቤተሰብ አንድ መድኃኒት ምረጡ። ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ናሙና ካገኛችሁ በጠርሙስ ፈትኑት።

የተዋችሁት መድኃኒት ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና የሚሠራ ይመስላል። የሚቋቋመው ዝንብ መድኃኒት በሌለበት ከሌላው ጋር መወዳደር ሊያቅተውና ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል። ጂኑ ግን ጠፍቶ አይጠፋም። እንደ ድሮው በየሳምንቱ ከረጫችሁት ከመጀመሪያው በፈጠነ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ከተመለሳችሁበትም ለአንድ ወር ብቻ፣ አስቀድማችሁ ፈትናችሁ።

ጎረቤትንም አትርሱ። የቤት ዝንብ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር መብረር አያቅተውም። እኛ አጥር ለአጥር ካሉት ሁለት ቤቶች ጋር ተነጋግረን አንድ ዓይነት ቀን እናጸዳለን። ሦስታችንም በየወሩ የምንጠቀመውን ቤተሰብ በአንድ ደብተር እንጽፋለን። ደብተሩ እማዬ ጋ ነው፣ አራት መስመር ብቻ ነው ያለው፦ ቀን፣ የነጥብ ቁጥር፣ የተረጨው ንጥረ ነገር፣ በጠርሙስ ከ20 ስንት ሞተ።

ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ የጥጃውን ቦታ እስከ መሬቱ ቆፍረን አውጥተን ጠጠር እናለብሳለን። እናንተም ጥጃ ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ።